ያልተለካው ዱካ

አያቴ የእናቴን ልብስ ወንዝ ወርዳ ያጠበች ቀን፣ እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እየዘፈንኩ ነበር። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ብዬ ነው ቀድሜ የምነግራችሁ። አስር ዓመቴ ነበር። እናቴ ልትመጣ ነው ብዬ ነው የዘፈንኩት።

ስሜ ናይዳ ነው። ወንድሜን ሩስቤልን በአንድ ዓመት እበልጠዋለሁ፣ ግን ያኔ ቁመታችን እኩል ነበር፣ እግራችንም እኩል። ሁለት ጥንድ በረባሶ ነበረን፣ አንዷ አዲስ፣ አንዷ ያለቀላት። አዲሷን ጠዋት ቀድሞ የተነሳ ያደርጋታል። ሁሌ እሱ ነው የሚቀድመኝ፣ እኔ እንቅልፋም ነኝ። ያደግነው ያናማዮ ነው፣ ከሁዋንታ ከተማ በላይ፣ ተራራው ላይ፣ አያቶቻችን ጋ። ማማ ፋኡስታ እና ታይታ ሲፕሪያኖ። አባታችን ቆላ ቡና ልልቀም ብሎ ሄዶ እዛው ቀረ። እናታችን ኔሊዳ ሊማ ገበያ ውስጥ የብርቱካን ጭማቂ ነበር የምትሸጠው። በዓመት ሁለቴ ትመጣለች። ስትመጣ ሹራቧ ራሱ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል።

በሽታው የመጣ ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘጋና ትምህርቱ በሬዲዮ ሆነ። ሬዲዮኑ ውስጥ ያለችው አስተማሪ ጥያቄ ትጠይቅና ዝም ትላለች፣ እኛ እንድንመልስላት። ሩስቤል "አላውቅም!" ብሎ ይጮህባታል፣ እሷ ደግሞ "በጣም ጎበዝ!" ትለዋለች። ሳቃችን ለጉድ ነበር። የመንደሩ መግቢያ ላይ ሰንሰለት ተዘረጋ። ከሊማ የሚመጣ አይገባም ተባለ፣ እዚሁ የተወለደም ቢሆን። አንድ ጊዜ ከሰንሰለቱ ወዲያ አንድ ቤተሰብ ፍራሽ በጀርባው ተሸክሞ መጥቶ ሜዳው ላይ አረፈ። ሦስት ቀን እዛው አደሩ። ልጆቹ እጃቸውን ሲያወዛውዙልን እኔም አወዛወዝኩላቸው፣ ሽርሽር የመጡ መስሎኝ ቀናሁባቸው። በአራተኛው ቀን አልነበሩም። ፍራሹ ግን ነበር።

ማታ ማታ ታይታ ኮረብታው ላይ ይወጣል፣ ስልክ የሚይዘው እዛ ብቻ ስለሆነ። ሲወርድ ከሩቅ ይጮሃል። "ናይዳ! ሩስቤል! እናታችሁ ሳሙልኝ ብላለች፣ ሩስቤልን አፍንጫውን ከጠረገ ብቻ!" አንድ ቀን ግን ዝም ብሎ ወረደ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። ታይታ ባርኔጣውን አውልቆ አያውቅም፣ አብሮት ነው የተወለደው እያልን እንቀልድ ነበር። ራሱ ነጭና መላጣ ነበር፣ እንቁላል ይመስል። እኔና ሩስቤል እየተጓተትን ሳቅን።

"ስልኩ ወድቆ ተሰበረ" አለ።

ማማ ፋኡስታ ብዙ አየችው። ድስቱን ከእሳቱ አወረደችና ወደ በረቱ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ከበረቱ ድምፅ መጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዛ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

"ላሟ ልትወልድ ነው?" አለ ሩስቤል።

"አዎ" አለ ታይታ።

ጠዋት ጥጃ አልነበረም። እኛም ጥጃው የታለ ብለን አልጠየቅንም። እስካሁን የሚገርመኝ እሱ ነው። ስልኩን ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ የበቆሎ ማስቀመጫው ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት። አንድ ቦታ እንኳን አልተሰነጠቀም።

በማግስቱ ነርስ ኦፌሊያ መጣች። ከታች ካለው ጤና ኬላ በሞተር ነው የምትመጣው፣ ፊቷ በማስክ ተሸፍኖ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ልጅ ለሚያሳድጉ አያቶች የሚሰጥ ነው ብላ ሩዝ፣ ዘይትና ቱና ያለበት ማዳበሪያ ታመጣልን ነበር። ያን ቀን ግን ማዳበሪያውን አስቀምጣ አልሄደችም። ወጥ ቤት ገብተው በሩን ገፋ አደረጉት። እኔ ከግድግዳው ኋላ ለኩዮቹ ሣር እየሰጠሁ ነበር፤ ኩይ ጅራት የሌለው ትንሽ ጥንቸል በሉት፣ እናረባቸዋለን። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሁሉም ይሰማል።

"ማማ ፋኡስታ፣ ልጆቹ ማወቅ አለባቸው።"

"ሩስቤል ደረቱ ደካማ ነው። ድንጋጤ ነፍሱን ነጥቆ ነው የሚሄደው። መንገዱ ይከፈት፣ ያኔ እነግራቸዋለሁ።"

"መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ማን ያውቃል? ከሰው አፍ ቢሰሙትስ?"

"አንቺ ቴርሞሜትርሽን ያዢ ልጄ፣ ልጆቹን ለኔ ተይ።"

ከዛ ማማ ፋኡስታ ቀስ ብላ "አምጥተው አይሰጡኝም?" አለች።

"አይሰጡም፣ ማማ። አቃጥለዋል። ሁሉንም እንደዛ ነው የሚያደርጉት።"

"እንግዲያው በልብሷ አደርገዋለሁ። ሐሙስ ነው አምስተኛው ቀን። ዕቃዋን አብራት የምትኖረው ልጅ ለሳቢኖ ሰጥታዋለች።"

እኔ ምን እንደገባኝ ልንገራችሁ። የጭማቂ መሸጫዋ ተቃጥሏል። ሥራ የላትም። ስለዚህ ልትመጣ ነው። ዕቃዋን አስቀድማለች፣ ሐሙስ ትደርሳለች፣ ለኛ ደግሞ ያልነገሩን ድንገት ሊያስደስቱን ነው። ሩጬ ለሩስቤል ነገርኩት። "ትልቅ ሚስጥር ነው፣ ያወቅን እንዳይመስልህ!" አልኩት። ሩስቤልም ያላወቀ ለመምሰል ሁለት ቀን ሙሉ ፊቱን እንደ ሽማግሌ አጨማዶ ዋለ።

ረቡዕ የዶን ሳቢኖ የጭነት መኪና ከሰንሰለቱ ወዲያ ቆመ። ድንች ወደ ሊማ የሚወስደው እሱ ነው። መንገዱን የሚጠብቀው ዶን ኤውሴቢዮ ነበር፣ ዱላውን ይዞ።

"ምንድነው የጫንከው?"

"ድንቹን አራግፌ ባዶዬን ነኝ። ይቺ ቦርሳ ብቻ ናት።"

"የሊማ ነገር አይገባም።"

"ጨርቅ እኮ ነው ወንድሜ፣ አያስነጥስም!"

"አንተ ታስነጥሳለህ። ከመኪናህ እንዳትወርድ!"

ማማ ፋኡስታ ወደ ሰንሰለቱ ተጠጋች። አልጮኸችም። "ኤውሴቢዮ፣ እትብትህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አውርደው።"

ኤውሴቢዮ ዓይኗን ማየት አልቻለም። ነርስ ኦፌሊያ ቦርሳው ላይ በረኪና ነፋችበትና "ከመጨረሻው ቤት በታች ብቻ ይታጠብ፣ ልብሱ ከዚያ በላይ ውኃ አይንካ" አለች። ቦርሳው ሲያልፍ እዛ የቆሙት ወንዶች በሙሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናቴ ትልቅ ሰው ሆናለች አልኩ በልቤ። ደረቴን ነፍቼ ከቦርሳው ኋላ ኋላ ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ወንዝ ወረድን። ውኃው ጥቁርና በረዶ ነበር። ወትሮ እንዲህ ያለ እጥበት ሲኖር ግማሽ መንደሩ ይወርዳል፣ ምግብ አለ፣ መጠጥ አለ፣ ቀልድም አለ፣ የሚያጥቡትም ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ማንም አልመጣም። ሰዎቹ ከላይ ከየደጃቸው ሆነው ያዩናል። ታይታ በድንጋይ ይወቅጣል፣ ማማ ፋኡስታ ታሻለች፣ ነርስ ኦፌሊያ ጓንቷን አድርጋ ትጨምቃለች። የእናቴ ቀሚሶች፣ የእናቴ ካልሲዎች፣ ጭማቂ ስትሸጥ የምታደርገው ሽርጥ። ድንጋዩ ላይ ተዘርግተው ሳያቸው ደስታዬ ልክ አጣ። ዘፈንኩ። ሬዲዮ ላይ የለመድኩትን የካርኒቫል ዘፈን፣ ጮክ አድርጌ።

ኦፌሊያ እጇ ቆመ። "ናይዳ…"

"ተያት" አለች ማማ ፋኡስታ ቀና ሳትል። "ትዝፈን። ደስ ይላታል።"

እኔ ማን ደስ እንደሚላት አልጠየቅኩም። መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ከዛ ሐምራዊው ሹራቧ ወጣ። ታች ነበር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በረኪናው ሳይነካው። ማማ ፋኡስታ ሌላ ልብስ ልታለቀልቅ ዞር ስትል አነሳሁትና አፍንጫዬ ላይ አደረግኩት። ብርቱካን። ብርቱካንና ላብ እና የእናቴ አንገት።

"አንድም እንዳይቀር" እያለች ነበር ማማ ፋኡስታ ለታይታ። "አንድ ከቀረ መንገዱን አታገኝም።"

እኔ ሹራቡን ቀሚሴ ስር አስገባሁት። ምን ላድርግ? ሊታጠብ ነው፣ ሽታው ሊሄድ ነው። መንገዱን ደግሞ ታውቀዋለች፣ ስንት ጊዜ የመጣችበት መንገድ። ማታ ፍራሼ ውስጥ ያለውን ገለባ ገለጥ አድርጌ ደበቅኩት።

የዛን ዕለት ሲመሽ ማማ ፋኡስታ እኔንና ሩስቤልን ወጥ ቤት አስተኛችን። የእናቴን ክፍል ጠረገች። አልጋው ላይ የታጠበውን ልብስ ዘረጋችው፦ ቀሚሱን ከታች፣ ሸሚዙን ከላይ፣ ባርኔጣዋን ትራሱ ላይ። ልክ ሰው የተኛ ይመስላል። ቀጥላ ወንፊት አመጣችና ከምድጃው አመድ እየነፋች ወለሉን በሙሉ ሸፈነችው፣ ከአልጋው እስከ በሩ፣ ልስልስ ብሎ እንደ ዱቄት።

"ይሄ ለምንድነው?" አልኳት።

"ለቁንጫ። እስኪነጋ ማንም እንዳይገባ። ሰማሽ? ማንም።"

ሰማሁ። ግን ጎህ ሊቀድ ሲል ነቃሁና አንድ ነገር ከነከነኝ። እናቴ አሁን ልትደርስ ነው፣ ብርድ ነው፣ ልብሷን ስትፈልግ ሹራቡ የለም። ማን ወሰደው? ናይዳ። የመጣች ቀን ሌባ ልባል ነው? ሹራቡን ይዤ ተነሳሁ። በረባሶዋ ኳ ኳ እንዳትል እዛው ተውኳትና የክፍሉን በር ከፍቼ ገባሁ። አመዱ ከእግሬ ስር ቀዝቃዛ ነበር። ስድስት እርምጃ። አልጋው ጋ ስደርስ ታይታ ከወዲያ ክፍል ሲያስል፣ የሱም አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። ተነስቷል! በበሩ ብመለስ ይይዘኛል። አልጋው ራስጌ ያለችውን መስኮት ገፍቼ፣ ሹራቡን እንደያዝኩ ዘለልኩ። መስኮቱን ከውጭ መልሼ ገጠምኩት። ዞሬ ወጥ ቤት ገባሁና ሩስቤል ጎን ተኛሁ።

ሲነጋ በሩን የከፈተው ታይታ ነው። አንድ እግሩን አስገባ።

"ሲፕሪያኖ፣ አትርገጥ!"

"ረገጥኩ እኮ።" እግሩን መለሰ። አመዱ ላይ የበረባሶው የጎማ መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ። "ይቺማ የኔ ናት፣ አትደንግጪ። ጎማዬን አታውቂውም?" ብሎ ሳቀ።

ማንም አልሳቀለትም። ማማ ፋኡስታ የሱን ያየች አልመሰለኝም። የምታየው ትናንሾቹን ነበር፦ ባዶ እግር፣ የልጅ፣ ከበሩ ተነስቶ ቀጥ ብሎ የእናቴ ልብስ ጋ የሄደ። የተመለሰ ዱካ የለም።

የበሩን ፍሬም ይዛ ቁጭ አለች። ከዛ ከጣሪያው ሣር አንድ ሰበዝ መዘዘችና በጉልበቷ ዳር ዳሩን ሄዳ አንዱን ዱካ ለካች፣ ልኩ ላይ ቆረጠችው። ቀጥላ ወደኛ መጣች።

ሌባ ፍለጋ ነው አልኩ። ሹራቡ እንደጎደለ ነቅታለች፣ ማን እንደገባ በእግር ልታውቅ ነው። መጀመሪያ እኔን ያዘችኝ። ሰበዙን እግሬ ስር ስታደርገው ጣቶቼን ወደ ውስጥ አጠፍኳቸው፣ አጥብቄ፣ እስኪያመኝ። ሰበዙ ተረፈ። ትንፋሿን አወጣች፣ ራሴን ሳመችኝ። ከዛ ሩስቤልን ለካችው። ሩስቤል እግሩን ዘርግቶ ይስቃል፣ እየኮረኮረው። ሰበዙ ልክ ሆነ።

ማማ ፋኡስታ ሰበዙን ከቅዱሱ ሥዕል ኋላ አስገባችው። እኔ ነጻ ወጣሁ አልኩ። ሩስቤልም አልተመታም፣ ደስ አለኝ።

እናቴ ሐሙስም አልመጣች፣ አርብም። "መንገዱ ተዘግቶ ነው" አለ ታይታ። እኔ ግን በሹራቡ ነው አልኩ። አንድ ከቀረ መንገዱን አታገኝም ብላለቻ ማማ ፋኡስታ። ሹራቡን ደግሞ መመለስ አልቻልኩም። እንዴት ብዬ?

ከዛ በኋላ ቤታችን ተለወጠ። ማማ ፋኡስታ ሩስቤልን ከደጅ አታስወጣውም። እጁ ላይ ቀይ ክር አሰረችለት። ለበዓል የምናርዳቸውን ኩዮች አንድ በአንድ ለሱ ብቻ አረደችለት። እኔ ድንች፣ እሱ ሥጋ። እኔ ውኃ እቀዳለሁ፣ እሱ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንደ ጳጳስ ይቀመጣል። "እኔም ልጅ ነኝ፣ ለምንድነው እሱ ብቻ?" ብዬ አንድ ቀን አለቀስኩ። ታይታ ጆሮዬን ይዞ "ዝም በይ አንቺ ቅናተኛ፣ እሱ ጊዜ አይበቃው ይሆናል፣ አንቺ ብዙ ጊዜ አለሽ" አለኝ። እሱም አመዱን ያምን ነበር ማለት ነው። ሩስቤል ሲተኛ ማማ ፋኡስታ መዳፏን ከአፍንጫው ስር ታደርጋለች። የተኛ ልጅ በየሰዓቱ ስትቀሰቅሱት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ ከሳ፣ ገረጣ። እሷም ሲከሳ አየችና ይበልጥ አመነች።

ነሐሴ ላይ በሽታው ሰንሰለቱን አልፎ ገባ። ማን እንዳመጣው እስካሁን ይጨቃጨቃሉ። መጀመሪያ የዶን ኤውሴቢዮ ቤት፣ ከዛ ጎረቤታችን፣ ከዛ ሩስቤል። አምስት ቀን አተኮሰው። በስድስተኛው ቀን ሲተነፍስ ጎድኑ መሐል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር። ነርስ ኦፌሊያ መጥታ ጣቱ ላይ ትንሽ መቆንጠጫ ነገር ሰካች፣ ቁጥር ወጣ። ሰማኒያ አንድ። ሰማኒያ አንድ ከመቶ ጥሩ ውጤት ነው ብዬ ሩስቤልን በዓይኔ አበረታታሁት።

"ማማ ፋኡስታ፣ መኪና ከሰንሰለቱ ጋ ይጠብቀናል። አሁኑኑ ሆስፒታል ይወርዳል።"

"አይወርድም።"

"ኦክስጅን ያስፈልገዋል! እዚህ የለኝም እኮ!"

ማማ ፋኡስታ በሩ ላይ ቆመች። ትንሽ ሴት ናት፣ ግን በሩ ሞላ። "ቢወርድም ይሞታል፣ ባይወርድም። አመዱ ነግሮኛል። የልጅ እግር ወደ ልብሷ ሄዷል፣ አልተመለሰም፣ ለክቼዋለሁ፣ የሱ ነው። እሷ ናት የጠራችው። ታዲያ እዛ ብቻውን በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሚቃጠል፣ እዚህ እቅፌ ውስጥ ይሂድ። ልጄን ወስደው አመዷን እንኳን አልሰጡኝም!"

አያቴ የወለደችው አንድ ልጅ ብቻ ነው።

እንዲህ ነው የሰማሁት። የበረቱ ድምፅ፣ ባርኔጣዎቹ፣ "አቃጥለዋል"፣ ሐሙስ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘ። በኛ ዘንድ ሰው በሞተ በአምስተኛው ቀን ልብሱ ይታጠባል፣ ሌሊቱን አመድ ይነሰነሳል፣ ጠዋት አመዱ ላይ የሚገኘው ዱካ ቀጥሎ የሚሄደው ሰው ነው ይባላል። ሁሉም አዋቂ ያውቃል። ለልጅ የሚነግር የለም።

ለእናቴ ማልቀስ ነበረብኝ። ጊዜ አልነበረኝም። ሩስቤል ከኋላዬ እንደ ተቀደደ ፊኛ ይተነፍሳል። ሮጥኩና ፍራሹን ቀድጄ ሹራቡን አወጣሁት።

"እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የረገጥኩት!"

"አትዋሺ" አለች ማማ ፋኡስታ። "ወንድምሽን ልታድኚ ነው፣ አይዞሽ፣ ግን አትዋሺ። ለክቼሻለሁ።"

"ጣቶቼን አጥፌ ነው! የምትመቺኝ መስሎኝ ነው! ሹራቧን ልመልስ ገባሁ፣ ታይታ ሲያስል ሰማሁ፣ በመስኮት ወጣሁ፣ ለዛ ነው መመለሻ የሌለው፣ በማርያም፣ ማማ፣ በመስኮት ነው የወጣሁት!"

ሰበዙን ከሥዕሉ ኋላ እኔ ራሴ አመጣሁት። እግሬን መሬት ላይ አድርጌ ጣቶቼን ዘረጋኋቸው። አልዘረጋ ብለውኝ ነበር፣ በእጄ ነው ያቃናኋቸው። ሰበዙን ከተረከዜ አስነስቼ አስተኛሁት። ልክ ነበር።

ማማ ፋኡስታ እግሬን አየች። ከዛ ሹራቡን ከእጄ ወሰደች። የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሹራቡ ፊቷ ላይ ነበር። ብዙ ቆየች። ማንም ሰው እንደዛ ሲያሸት አላየሁም፣ ልትውጠው የፈለገች ይመስል።

"ሁለት ወር" አለች ከሹራቡ ውስጥ። "ሁለት ወር ሙሉ ቀበርኩት እኮ።"

ከበሩ ዞር አለች። "ውሰዱት።"

"ከልጁ ጋር የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው" አለች ኦፌሊያ። ማማ ፋኡስታ ነጠላዋን ማንሳት ስትጀምር ታይታ ክንዷን ያዘ።

"አንቺ የት ልትሄጂ? ይቺ ልጅ የእናቷን ሞት አሁን ነው የሰማችው። ማን ይያዛት? እኔ ማልቀስ የምታበዛ ሴት አልችልም፣ ሩስቤል ይሻለኛል።" ባርኔጣውን አደረገ። ሩስቤልን እንደ ድንች ከረጢት ጀርባው ላይ አዘለው። "ሦስት ቀን ናት።"

ቁልቁል ሲወርድ ከኋላው እያየሁት ነበር። ጭቃ ነበር፣ በረባሶው በየእርምጃው የጎማውን መስመር እየተወ ይሄዳል።

አስራ አንድ ቀን ሆነ። በአስራ አንደኛው ቀን ሩስቤል በኦፌሊያ ሞተር ላይ መጣ፣ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ፣ ጄላቲን በላሁ እያለ ይፎክራል። ታይታ አልመጣም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር የሚያድረው፣ በሚያስሉ ሰዎች መሐል። ሩስቤል የተሻለው ቀን እሱ ተኛ። አንድ ሳምንት ቆየ።

በሞተ በአምስተኛው ቀን የሱን ልብስ ልናጥብ ወንዝ ወረድን። ያኔ ሰንሰለቱ ተነስቶ ነበር፣ ግማሽ መንደሩ መጣ፣ ዶን ኤውሴቢዮም። ማማ ፋኡስታ ሐምራዊውን ሹራብ ሰጠችኝና "በእጅሽ" አለችኝ። አጠብኩት። ብርቱካኑ ውኃው ላይ ሄደ። ያን ቀን አልዘፈንኩም።

ማታ ማማ ፋኡስታ ወንፊቱን አወረደች። አመዱን ሞላች። በሩ ላይ ቆመች፣ ቆመች። ከዛ ወጥታ አመዱን የድንች ማሳው ላይ በተነችውና ወንፊቱን ሰቀለችው። ከዛ በኋላ ቤታችን ውስጥ አመድ ተነስንሶ አያውቅም።

አሁን ትምህርት ጨርሻለሁ። መጋቢት ላይ ሁዋማንጋ ከተማ ነርስነት ልማር ነው፣ ፎርሙን የሞላችልኝ ኦፌሊያ ናት። አንድ ቀን ታይታን ምን እንደገደለው ጠየቅኳት። "የሆስፒታሉ ኮሪደር ነው የገደለው ናይዳ፣ መስኮት አልነበረውም፣ ማስኩ ደግሞ የጨርቅ ነበር። ሌላ ምንም የለም" አለችኝ። አምናታለሁ። ልማረው የምሄደውም ያንኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ከማማ ፋኡስታ ጋር በቆሎ እየፈለፈልን፣ ድንገት "ትልቁን አልለካሁትም" አለች።

"ምኑን?"

"ትናንሾቹን ዱካዎች በሰበዝ ለካሁ፣ ትልቁን ግን እሱ ሲቀልድ ዝም አልኩ። ጎማውን እያየሁት።"

በቆሎዬን ፈለፈልኩ።

ሩስቤል አሁን እኔን በአንድ ክንድ ይበልጠኛል፣ በረባሶዬ ግማሽ እግሩ ላይ ነው የምትቀረው። ጠዋት ጠዋት አሁንም ይቀድመኛል። ብርድ ልብሴን ከስር ገልጦ ይስቅብኛል። "አንቺ፣ ዛሬም እንደ ዶሮ ጣቶችሽን አጥፈሽ ነው የተኛሽው!" ይለኛል። ልዘረጋቸው እሞክራለሁ። ስነቃ ይዘረጋሉ፣ እንቅልፍ ሲወስደኝ ግን ራሳቸው ይታጠፋሉ።